ገልባጭ ከመጨመራችሁ በፊት፦ የካባ ሥራን በሲሙሌሽን ፈትሾ ለመወሰን የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

በጎንደር ዙሪያ ድንጋይ የምታወጡ፣ ጠጠር የምትፈጩ፣ ወይም ለእንዲህ ያለ ሳይት የምትሠሩ ወጣት መሐንዲሶች ከሆናችሁ ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው። ሲሙሌሽን፣ ማለትም የሳይቱን ሥራ በኮምፒውተር አስመስሎ ማስኬድ፣ ሞክረው የተዉ ብዙ ናቸው። ሞዴሉ በቀን ይህን ያህል ቢያጆ (የገልባጭ ምልልስ) ይወጣል ይላል፤ ሳይቱ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ሁለተኛ አያምንም።

ችግሩ ብዙውን ጊዜ ሶፍትዌሩ ላይ አይደለም። ጥያቄው ሳይለይ፣ ሰዓቱ በትክክል ሳይያዝ፣ ሞዴሉም ካለፈው ሥራ ጋር ሳይመሳከር ወደ ውሳኔ ስለሚገባ ነው። ስለዚህ የመመሪያው ግማሽ ኮምፒውተር ሳይከፈት ስለሚሠራው ሥራ ይናገራል። ያንን ክፍል አትዝለሉ።

ምሳሌው ቀላል ካባ ነው፦ አንድ ሎደር (ድንጋዩን የሚጭነው ማሽን)፣ ጥቂት ገልባጮች፣ አንድ ክሬሸር (የድንጋይ መፍጫ)። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው። የእናንተን ቁጥር ከራሳችሁ ሳይት አምጡ። ወርቅም ሆነ የድንጋይ ከሰል ቢሆን አካሄዱ ያው ነው።

## ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«ምርታችንን ማሻሻል እንፈልጋለን» ጥያቄ አይደለም፤ ምኞት ነው። ሞዴል የሚመልሰው እንዲህ ያለውን ነው፦

- ሦስተኛ ገልባጭ ብንከራይ በቀን ስንት ቢያጆ ይጨምራል?
- ክሬሸሩ አጠገብ የድንጋይ ክምር ብናስቀምጥ መብራትና ብልሽት የሚያስቆሙት ጊዜ ምን ያህል ይቀንሳል?
- ሎደሩ ለጥገና ሁለት ቀን ቢቆም የታዘዘውን ጠጠር በቀኑ ማድረስ እንችላለን?

ከነዚህ አንዱን ምረጡ። ከሥሩ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ማን ነው የሚወስነው፣ እስከ መቼ ይወስናል፣ ምን ውጤት ቢያይ ሐሳቡን ይቀይራል። የመጨረሻውን ለባለቤቱ በግልጽ አቅርቡለት። «ጋሼ፣ በቀን ስንት ቢያጆ ቢጨምር ነው ገልባጩን የሚከራዩት?» መልሱን ከሞዴሉ በፊት ካገኛችሁ ሥራችሁ አቅጣጫ ይይዛል። «ስንትም ቢሆን እከራያለሁ» ካለ ሞዴል አያስፈልገውም፤ ጊዜያችሁን ቆጥቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሲሙሌሽን የምርትና የወረፋ ጥያቄ ይመልሳል። የካባው ግንብ ይናዳል ወይ፣ የድማሚቱ ፍንጣሪ የት ይደርሳል፣ አቧራው ሠራተኛውን ይጎዳል ወይ ለሚለው መልስ የለውም። እነዚህን ለባለሙያቸው ተዉ።

## ደረጃ 2፦ ሳይቱን በወረቀት ላይ አስቀምጡ

አንድ ገልባጭ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያልፍበትን በሙሉ በቅደም ተከተል ጻፉ። ሎደር ጋ ይደርሳል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ይጫናል፣ ይሄዳል፣ ክሬሸር ጋ ተራ ይጠብቃል፣ ሆፐር (የክሬሸሩ ድንጋይ መቀበያ) ላይ ይደፋል፣ ይመለሳል። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ «እዚህ የሚያስቆመው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

የሚረሱት ጥቃቅኖቹ ናቸው። ጠባብ መንገድ ላይ የተጫነውን ለማሳለፍ ባዶው ይቆማል። ናፍጣ የሚቀዳው በሥራ ሰዓት ይሆናል። ሎደሩ አንዳንዴ ጉድጓዱን ትቶ ገዢ የሚያመጣውን መኪና ጠጠር ይጭናል። ይህ የመጨረሻው በጣም ወሳኝ ነው። ሎደሩ ሁለት ጌታ ካለው ሞዴሉም ሁለት ጌታ እንዳለው ማወቅ አለበት።

ወረቀቱን ለፎርማኑና ለሁለት ሾፌሮች አሳዩ። «እንዲህ አይደለም እንጂ» የሚሉበትን ቦታ ወዲያው አስተካክሉ።

## ደረጃ 3፦ ሰዓት ያዙ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

### ከመጀመራችሁ በፊት

የፎርማኑን ፈቃድ ያዙ። አንጸባራቂ ልብስና ሄልሜት አድርጉ። ሎደሩ ወደ ኋላ ሲሄድ ኦፕሬተሩ የማያያችሁ ቦታ ላይ በፍጹም አትቁሙ። ድማሚት በሚፈነዳበት ቀን ከሌሎቹ ጋር ውጡ፤ የተቋረጠውን ሰዓት በኋላ ጠይቃችሁ ትሞላላችሁ።

ሾፌሮቹን አስቀድማችሁ አናግሩ። በቢያጆ የሚከፈለው ሰው ሰዓት የሚይዝ ሰው ሲያይ ይጠረጥራል። «ወንድሜ፣ የምንለካው አንተን ሳይሆን ወረፋውን ነው፤ ደመወዝህ ላይ የሚነካ ነገር የለም» በሉት። ቃላችሁንም ጠብቁ፤ ወረቀቱ ላይ ስም አትጻፉ፣ ገልባጮቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ በሏቸው።

### ምን ይመዘገባል

በእያንዳንዱ ቢያጆ ስድስት ሰዓት ጻፉ፦

1. ሎደር ጋ የደረሰበት
2. መጫን የጀመረበት
3. ተጭኖ የወጣበት
4. ክሬሸር ጋ የደረሰበት
5. መድፋት የጀመረበት
6. ደፍቶ የተነሣበት

አንድ መስመር ምን እንደሚመስል እዩ። ገልባጭ ለ፦ 3:12፣ 3:19፣ 3:24፣ 3:33፣ 3:41፣ 3:43። ተመልሶ ሎደር ጋ የደረሰው 3:51 ላይ ነው። ሲተነተን ሎደር ጋ 7 ደቂቃ ጠበቀ፣ በ5 ተጫነ፣ በ9 ሄደ፣ ክሬሸር ጋ 8 ጠበቀ፣ በ2 ደፋ፣ በ8 ተመለሰ። ጠቅላላው 39 ደቂቃ ነው። ሥራው ግን 24 ብቻ ነው፤ 15ቱ ወረፋ ነው።

ታይምኪፐሩ የጻፈው 3:12 እና 3:51ን ብቻ ቢሆን ኖሮ «ምልልሱ 39 ደቂቃ ነው» ብላችሁ ወደ ሞዴሉ ታስገቡ ነበር። ሞዴሉ ደግሞ በራሱ ሌላ ወረፋ ይጨምርበታል። ወረፋው ሁለት ጊዜ ተቆጠረ ማለት ነው። ሞዴሉ ከሳይቱ ያነሰ ምርት ካሳያችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ይሁን።

### ስለ ሰዓትና ቀን አጻጻፍ

ስልካችሁ 9:20 ሲል እጃችሁ 3:20 ይጽፋል። ሁለት ሰው ተራ በተራ ሰዓት ከያዘ አንዱ በኛ አቆጣጠር፣ አንዱ በፈረንጆቹ ይጽፍና ስድስት ሰዓት የሚጓዝ ገልባጭ ይወጣላችኋል። በኛ አቆጣጠር ያዙ፣ ሁላችሁም። የቀኑ ሥራ ከ2:00 እስከ 11:00 ሳይጠማዘዝ ስለሚሄድ መቀነስ ቀላል ነው፤ በፈረንጆቹ አሥራ ሁለት ሰዓት አቆጣጠር ግን እኩለ ቀን ላይ ቁጥሩ ይመለሳል።

ቀኑን ደግሞ ኤክሴል ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደ ቀን አታስገቡ። ጥቅምት 30ን 30/2 ብላችሁ ብትጽፉ የማይታወቅ ቀን ይሆንበትና እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል፤ ሌሎቹን ግን የፈረንጅ ቀን አድርጎ ይቀበላል። ዝርዝሩ ይደበላለቃል። በቀላሉ «ቀን 1፣ ቀን 2» ብላችሁ ቁጠሩ፤ እውነተኛውን ቀን በሌላ ዓምድ በጽሑፍ አስቀምጡ።

### ስንት ያስፈልጋል

ለእያንዳንዱ ሥራ ቢያንስ 30 ልኬት ይኑራችሁ። ሁሉም ከአንድ ጠዋት መምጣት የለበትም። ከተለያዩ ቀናት፣ ከጠዋትና ከሰዓት በኋላ፣ ከተለያዩ ሾፌሮች ያዙ።

የፋብሪካውን መጽሐፍ ቁጥር በልኬት ፈንታ አትጠቀሙ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ በተለይ ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ጎልቶ ይታያል።

## ደረጃ 4፦ የቆመበትን ለብቻው መዝግቡ

የሳይቱ መዝገብ ላይ «ቆመ» የሚል ብቻ ካለ አይረዳችሁም። መቼ ቆመ፣ መቼ ተነሣ፣ በምን ምክንያት፦ ሦስቱም ይጻፉ። ምክንያቶቹን አስቀድማችሁ በዝርዝር አውጡ፦ ጎማ፣ ናፍጣ፣ መብራት፣ የታነቀ ድንጋይ፣ ኦፕሬተር አለመኖር፣ ድማሚት፣ ጥገና።

የታነቀ ድንጋይን በተለይ ተከታተሉ። ሆፐሩ አፍ ላይ ትልቅ ድንጋይ ይቀረቀራል። ክሬሸሩ ባዶውን እየዞረ ድምፁ ይቀጥላል፤ ከሩቅ የሚያይ ሰው ሥራ ያለ ይመስለዋል። ሁለት ሰዎች በዲጅኖና በመዶሻ ይታገላሉ፣ ከኋላ ሁለት ገልባጭ ይሰለፋል። ይህ በመዝገቡ ላይ አይገኝም፤ ምክንያቱም ማሽኑ አልጠፋም። ግን ምርት የለም።

ብልሽትን «አቅሙን 20 በመቶ ቀንሱለት» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው፤ አታድርጉት። በቀን አሥር ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ መቆምና አንዴ መቶ ደቂቃ መቆም ድምራቸው አንድ ቢሆንም ወረፋው ላይ የሚያደርሱት ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያውን ትንሽ ክምር ይሸፍነዋል። ሁለተኛውን አይሸፍነውም። ስለዚህ ሞዴሉ ውስጥ ሁለት የተለያየ ነገር አስገቡ፦ በስንት የሥራ ሰዓት አንዴ እንደሚቆምና ሲቆም ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ።

የማሽን ብልሽት ማሽኑ በሠራበት ሰዓት ይቆጠር። የመብራት መጥፋት ግን በቀኑ ሰዓት ይቆጠር፤ ማሽኑ ሠራም አልሠራም መብራቱ ይጠፋል። ጄኔሬተር ካላችሁ እስኪነሣና ክሬሸሩ እንደገና ፍጥነት እስኪይዝ ያለውን ጊዜ አትርሱ።

## ደረጃ 5፦ ከአማካይ ይልቅ መዋዠቁን ያዙ

አማካይ ብቻ ብታስገቡ ሞዴሉ የሚነግራችሁ በወረቀት ልትሠሩት የምትችሉትን ነው። ሲሙሌሽን የሚጠቅመው አንዱ ጭነት 4 ደቂቃ፣ ሌላው 9 ደቂቃ ስለሚፈጅ ነው።

ሦስት አማራጭ አለ፦

- ልኬቱ ካላችሁ፦ ሞዴሉ በየተራው ከዝርዝራችሁ አንድ ቁጥር በዕጣ ያውጣ። ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው።
- የመዋዠቁን ቅርጽ የምታውቁ ከሆነ፦ የጭነትና የጥገና ጊዜ አብዛኛው አጭር ሆኖ ጥቂቱ በጣም ስለሚረዝም ሎግኖርማል የሚባለው ስርጭት ብዙ ጊዜ ይስማማዋል።
- ልኬት ከሌላችሁ፦ ፎርማኑን ትንሹን፣ የተለመደውንና ትልቁን ጠይቁትና ባለ ሦስት ነጥቡን፣ ትራያንጉላር የሚባለውን ተጠቀሙ። ግምት መሆኑን በቀይ ጻፉበት፤ በደረጃ 9 ትመለሱበታላችሁ።

ኖርማል ስርጭትን (የደወል ቅርጽ ያለውን) ለጊዜ ልኬት አትጠቀሙ። መዋዠቁ ሰፊ ከሆነ ከዜሮ በታች የሆነ ደቂቃ ሊያወጣላችሁ ይችላል።

በጋንና ክረምትን አትቀላቅሉ። መንገዱ ዋልካ ላይ ከሆነ የሐምሌ ምልልስና የኅዳር ምልልስ ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። ሁለት ፋይል ይኑራችሁ።

## ደረጃ 6፦ መጀመሪያ በእጅ ሥሩት

ሶፍትዌር ከመክፈታችሁ በፊት የአንድ ሰዓት ሥራ በወረቀት ተከታተሉ። ኋላ ሞዴሉ ልክ መሆኑን የምታውቁት በዚህ ነው።

ቁጥሩ ይህ ይሁን፦ መጫን 5፣ መሄድ 9፣ መድፋት 2፣ መመለስ 7። ድምሩ 23 ደቂቃ። አንድ ገልባጭ 25 ቶን ይጭናል። ክሬሸሩ በሰዓት 125 ቶን ይፈጫል፤ አንድ ጭነት 12 ደቂቃ ይይዘዋል ማለት ነው። ሆፐሩ የሚይዘው አንድ ጭነት ብቻ ነው፤ ስለዚህ መድፋት ከተጀመረ በኋላ 12 ደቂቃ ሳይሞላ ሌላው አይደፋም።

ሦስት ገልባጭ 2:30 ላይ ሎደር ጋ ቆመዋል፦

- ሀ፦ 2:30 መጫን ጀመረ፣ 2:35 ወጣ፣ 2:44 ደረሰ፣ ሳይጠብቅ ደፋ፣ 2:53 ተመለሰ።
- ለ፦ 2:35 መጫን ጀመረ፣ 2:49 ደረሰ፣ ሆፐሩ እስከ 2:56 ተይዟል። 7 ደቂቃ ጠበቀ።
- ሐ፦ 2:40 መጫን ጀመረ፣ 2:54 ደረሰ፣ ተራው 3:08 ነው። 14 ደቂቃ ጠበቀ።
- ሀ ሁለተኛ ዙር፦ 3:07 ደረሰ፣ ተራው 3:20። 13 ደቂቃ ጠበቀ።

ቀጥሉበት፤ ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ 13 ደቂቃ ይጠብቃል። በሰዓት የሚደፋው 5 ጭነት ነው። አሁን በሁለት ገልባጭ ሥሩት። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ እያንዳንዱ 1 ደቂቃ ብቻ ይጠብቃል፤ በሰዓት የሚደፋው ያው 5 ነው።

እዚህ ላይ «እንግዲያው ሦስተኛው አያስፈልግም» ብሎ መዝጋት ያጓጓል። ይህ ግን እያንዳንዱ ገልባጭ በሰዓቱ ከች የሚልበት ዓለም ነው። በእውነተኛው ሳይት ሁለቱም ገልባጭ አንድ ላይ የሚዘገዩበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ሆፐሩ ባዶ ይሆናል፤ የባከነው የክሬሸር ሰዓት ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ሁለት ገልባጭ ከ5 በታች ያወጣል። በስንት በታች? ሲሙሌሽኑን የምትሠሩት ይህንን ለማወቅ ነው።

## ደረጃ 7፦ ሞዴሉን ሥሩ

### መሣሪያ

ፓይተን የሚባለውን የኮድ ቋንቋ ለሚያውቅ ሲምፓይ የተባለው መሣሪያ አለ፤ ነጻ ነው፤ አንዴ ከጫናችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኮድ ለማይጽፍ ጃምሲም አለ፤ እሱም ነጻ ነው፣ ሳጥኖቹን እያገናኛችሁ ትሠራላችሁ። ኔት ሲኖር ከነመመሪያው አውርዳችሁ በፍላሽ አስቀምጡ። የተማሪ ወይም የመለማመጃ ፈቃድ ያላቸውን ሶፍትዌሮች ለንግድ ሥራ ከመጠቀማችሁ በፊት ውሉን አንብቡ፤ ብዙዎቹ አይፈቅዱም።

### ቅደም ተከተል

1. የጊዜ መለኪያው ደቂቃ ይሁን፤ በሁሉም ቦታ። ሰዓትና ደቂቃ ከተደባለቀ ውጤቱ ውሃ አይቋጥርም።
2. ሎደሩንና ሆፐሩን በአንድ ጊዜ አንድ ገልባጭ ብቻ የሚያስተናግዱ አገልጋዮች አድርጋችሁ ፍጠሩ።
3. አንድ ገልባጭ ጨምሩና ዙሩን ያዞር፦ ሎደሩን ይጠይቅ፣ ይጫን፣ ሎደሩን ይልቀቅ፣ ይሂድ፣ ሆፐሩን ይጠይቅ፣ ይድፋ፣ ይመለስ።
4. ሆፐሩ ገልባጩ ሲሄድ ሳይሆን ጭነቱ ተፈጭቶ ሲያልቅ ይለቀቅ። ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳትና ክሬሸሩ በ2 ደቂቃ አንድ ጭነት የሚፈጭ ይሆናል።
5. በቋሚ ቁጥር አስኪዱት። አንድ ገልባጭ በየ23 ደቂቃው አንዴ ይደፋል፣ አይጠብቅም። ሦስት ገልባጭ በሰዓት 5 ይደፋል፣ 13 ደቂቃ ይጠብቃል። ካልገጠመ ወደ ፊት አትሂዱ።
6. ከዚህ በኋላ ብቻ መዋዠቁን፣ ቀጥሎ ብልሽቱን፣ ቀጥሎ የምሳ ሰዓቱን ጨምሩ። አንድ በአንድ፣ በእያንዳንዱ እያስኬዳችሁ። ሁሉን አንዴ የጨመረ ሰው ስህተቱ ከየት እንደመጣ አያውቅም።

### ሲበላሽ

ወረፋው ማለቂያ የለውም። የተያዘ አገልጋይ አልተለቀቀም። አንድ ገልባጭ ብቻ አስቀርታችሁ እያንዳንዱን እርምጃ በሰዓቱ አሳትሙና ተከተሉት።

ሁሉም ሩጫ (ሞዴሉ በተኬደ ቁጥር) አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣል። የዕጣው መነሻ ቁጥር (ሲድ የሚባለው) አልተቀየረም።

ከብልሽት በኋላ ገልባጩ ጠፋ። ሲበላሽ ከዙሩ ወጥቶ መመለሻ አላገኘም። ቀኑ ሲያልቅ ገልባጮቹን ቁጠሩ፤ የጀመሩት ቁጥር መሆን አለበት።

ምርቱ ከአቅም በላይ ሆነ። ከ2:00 እስከ 11:00፣ ምሳ አንድ ሰዓት ሲወጣ 8 ሰዓት ይቀራል። በምሳሌያችን በቀን ከ40 ጭነት በላይ ሊፈጭ አይችልም። ካለፈ ምሳው ወይም የሆፐሩ መልቀቂያ ተረስቷል።

## ደረጃ 8፦ ካለፈው ሥራ ጋር አመሳክሩ

ልኬት ያልወሰዳችሁበትን አንድ ሳምንት ምረጡ። የዚያን ሳምንት ሁኔታ ብቻ ለሞዴሉ ስጡት፦ ስንት ገልባጭ ነበር፣ ስንት ሰዓት ተሠራ። ውጤቱን ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ።

ጠቅላላ ቢያጆ ቢገጥም አትደሰቱ። ሁለት ስህተት ተጣፍቶ ሊገጥም ይችላል። የሎደሩንና የክሬሸሩን ወረፋም ለየብቻ አስተያዩ። ሞዴሉ ወረፋው ክሬሸር ጋ ነው ካለና ሳይቱ ላይ ግን ገልባጮቹ ሎደር ጋ ተሰልፈው ካያችሁ፣ ድምሩ ቢገጥምም ሞዴሉ ልክ አይደለም።

በእኔ በኩል ልዩነቱ ከ10 በመቶ ካለፈ ለውሳኔ አላቀርበውም። ያን ጊዜ ቁጥር እየጎተቱ ማስገጠም ፈተና ላይ መልሱን አይቶ እንደ መጻፍ ነው። የጎደለውን ፈልጉ። ሞዴሉ ከበዛ የጠዋት መዘግየትን፣ ጥቃቅን መቆሞችንና የታነቀ ድንጋይን ፈትሹ። ካነሰ ወረፋው ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ እንደሆነ እዩ።

ፎርማኑን አስቀምጡና ሞዴሉ የሚለውን አንድ ቀን አንብቡለት። «እንዲህ ያለ ቀን አይቼ አላውቅም» ካለ ለምን እንደሆነ ጠይቁት።

## ደረጃ 9፦ አማራጮቹን አስኪዱ

የምሳሌው አማራጮች እነዚህ ይሁኑ፦ ሁለት ገልባጭ፤ ሦስት ገልባጭ፤ ሁለት ገልባጭና ሆፐሩ አጠገብ ክምር። ለሦስተኛው ተጠንቀቁ፤ ክምሩን ወደ ሆፐር የሚያነሣው ያው ሎደር ከሆነ ጉድጓዱን ትቶ መምጣቱን ሞዴሉ ማሳየት አለበት። አለበለዚያ ክምሩ በነጻ የመጣ ምርት ይመስላል።

በርካታ ቀን አስኪዱ። አንድ ሩጫ አንድ ዕጣ ነው። ለእያንዳንዱ አማራጭ 30 ቀን አስኪዱ። ካባው ጠዋት ከባዶ ስለሚጀምር እያንዳንዱ ቀን ራሱን የቻለ ሩጫ ይሆናል፤ ክምር ካለ ግን የማታው ክምር ለነገ ይተላለፍ፣ ሩጫችሁም ቀን መሆኑ ቀርቶ ሳምንት ይሁን።

እርግጠኝነቱን አስሉ። አማካዩ 36 ጭነት፣ የመዋዠቁ መለኪያ (ስታንዳርድ ዲቪዬሽን) 3 ቢሆን፣ 3ን ለ30 ስኩዌር ሩት አካፍላችሁ በ2.045 (ለ30 ሩጫ የ95 በመቶ እርግጠኝነት ቁጥር) ታባዛላችሁ። 1.1 ገደማ ይመጣል። እንግዲህ አማካዩ ከ34.9 እስከ 37.1 ነው በሉ። ሁለት አማራጮች በግማሽ ጭነት ቢለያዩ በዚህ ልክ ልታውቁት አትችሉም፤ ሩጫ ጨምሩ።

ሁሉንም በአንድ ዕድል ፈትኑ። የመጀመሪያው አማራጭ ቀን 1 ላይ መብራት ከጠፋበት ሁለተኛውም ቀን 1 ላይ ይጥፋበት። የዕጣውን መነሻ ቁጥር ለሁሉም አማራጭ ተመሳሳይ አድርጉ፣ ከቀን ቀን ግን ይለያይ፤ ለእያንዳንዱ ምክንያት የራሱ የዕጣ ምንጭ ይኑረው። ከዚያ ልዩነቱን ቀን በቀን ቀንሱ።

ግምቶቹን ነቅንቁ። በቀይ የጻፋችሁትን እያንዳንዱን ግምት በ20 በመቶ ከፍና ዝቅ አድርጉ። ውሳኔው ካልተቀየረ ተዉት። ከተቀየረ ሂዱና ያንን ለኩ።

ክረምቱን ለብቻው አስኪዱ። ጭቃው መሄጃውን ወደ 14፣ መመለሻውን ወደ 11 ቢያደርሰው ዙሩ 32 ደቂቃ ይሆናል። ሁለት ገልባጭ በሰዓት 3.75 ብቻ ያደርሳል፤ ሦስት ግን ክሬሸሩን በቋሚ ቁጥር 5 ላይ ይይዘዋል። በበጋ ትርፍ የነበረው ገልባጭ በክረምት አስፈላጊ ሆነ ማለት ነው። ምናልባት መልሱ «ለክረምቱ ብቻ ተከራዩ» ነው። ግን በክረምት ግንባታው ይቀዘቅዛል፤ የተፈጨው ጠጠር ገዢ አለው ወይ የሚለውን ሽያጩን ከሚይዘው ሰው ጠይቁ።

ማድረሱንም ካካተታችሁ የከተማዋን ቀን መቁጠሪያ አስገቡ። ጥር 10 እና 11 በጎንደር መንገድ ላይ ጠጠር አዘዋውራለሁ ማለት አይቻልም፤ ከዚያ በፊት ያሉት ቀናትም ይጨናነቃሉ።

## ደረጃ 10፦ ለወሳኙ በቢያጆና በብር አቅርቡ

ባለቤቱ ግራፍ አይፈልግም። አንድ ገጽ አዘጋጁ፦ ጥያቄው፣ አማራጮቹ፣ እያንዳንዱ በቀን ስንት ቢያጆ እንደሚያወጣ ከነዝቅታውና ከፍታው፣ ወጪው፣ ያልለካችሁት ግምት።

ስሌቱ ይህ ነው፦ የተጨመረው ቢያጆ ሲባዛ በአንድ ቢያጆ የተጣራ ትርፍ፣ ሲቀነስ ኪራይ፣ ናፍጣና የሾፌር ክፍያ። የመሸጫ ዋጋን እንደ ትርፍ አትያዙ። የዕለቱን ዋጋ ራሱ ባለቤቱ ይሙላ፤ ያኔ ቁጥሩ የራሱ ይሆናል።

«ጋሼ፣ ሦስተኛው ገልባጭ በበጋ በቀን ከዚህ እስከዚህ ቢያጆ ይጨምራል፣ ወጪው ይህ ነው። መብራት አሁን ካለው በላይ ከጠፋ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል» በሉት። «ሞዴሉ ይህን አለ» ብላችሁ ከኋላው አትደበቁ፤ ለምን እንዳለ ማስረዳት ካልቻላችሁ ገና አልጨረሳችሁም።

ፋይሉን ከነዕጣ ቁጥሩ፣ ከነልኬቱ ወረቀትና ከቀኑ ጋር አስቀምጡ። ካባው ወደ ውስጥ እየገባ በሄደ ቁጥር መንገዱ ይረዝማል፤ በየሦስት ወሩ መሄጃውንና መመለሻውን 30 ጊዜ ለክታችሁ ከድሮው ጋር አስተያዩ። ሎደር ወይም ክሬሸር ሲቀየር ከደረጃ 3 ጀምሩ።